የተፈታው ሞተር

ቤቴል ዓርብ ጠዋት አባቷ ወዳሉበት ወደ ቦምቤ ስትሄድ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ በር ላይ ቆመችና ባሏን አስጠነቀቀችው። «እኔ ሳልደውልልህ እንዳትመጣ። እሺ ይድኔ?» አለችው። ይድነቃቸው እሺ አላት። ቅዳሜ ሲነጋ ግን ቃል በመግባቱ ተጸጽቶ ነበር።

አባቷ አቶ ኤርካሎ መታመማቸውን የሰሙት ከዚያ ከመጣ ዘመድ ነው። ምን እንዳመማቸው ዘመድየውም አያውቅም። «ግቢ ውስጥ ይዞራል፤ ምን ሆንክ ሲሉት ይቆጣል» ከማለት በቀር የጨመረው ነገር አልነበረም።

ይድነቃቸው አብሯት መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። ከስድስት ዓመት በፊት ሲጋቡ አቶ ኤርካሎ ሠርጉ ላይ አልተገኙም። እሳቸው በሰፈራቸው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው እዚያው መዘምራን ውስጥ ያደገች ናት። ይድነቃቸው ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው፤ አያቱ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው ሶዶ ቀሩ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ ወላይትኛን ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ ለመደ። አማላጅ ሲላክባቸው አቶ ኤርካሎ አልተሳደቡም፣ አልረገሙም። «ልጄ ከወደደችው ትሂድ። እኔ ግን ያን ሰውዬ አላውቀውም» አሉና ወሬውን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ይድነቃቸው ሚስቱን እስከ ቦምቤ በሞተር ያደርሳታል፤ እሷ የቀረውን በእግሯ ስትሄድ እሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። አባትየው መጠበቁን ያውቃሉ። አንድም ቀን ግን «ይግባ» ብለው አያውቁም።

ቅዳሜ ሥራ የለም። ይድነቃቸው ቀያሽ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በገጠር ቀበሌዎች መሬት ሲለካ ይውላል፤ ቤት መዋል አልለመደበትም። ቁርሱን ጀምሮ ተወው። የታጠበ ብርጭቆ መልሶ አጠበ። ስልኩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ቻርጅ እያደረገ መሆኑን አየ፣ እንደገና አነሳ። ሁለቴ ደወለላት፤ ሁለቴም «ደንበኛችን ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጪ ናቸው» አለው። ነሐሴ ነበርና ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቷል፤ የዳሞታ ተራራ ግን ገና ጉም ለብሷል። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኑ ሞተሩ ላይ አረፈ።

ሞተሩን የገዛው ሥራውን ጨርሶ ከወጣ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ነው። ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም ሞተር ነው። ከመቀመጫው ሥር ቆሞ የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ሾክ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ዘይት ያነባል። ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ይንጫጫል፤ ከዚያ ሦስት አራት ጊዜ ያነጥራል። ይድነቃቸው «ነገ አስፈታዋለሁ» ሲል ክረምቱ ተጋመሰ። አሁን እጁን የሚያስይዘው ነገር ሲያጣ፣ ራሴ ፈትቼ ለባለሙያ ባደርሰው ምን ይለኛል ብሎ አሰበ። ሾክ ፈትቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ሲፈታ ግን አይቷል።

ሞተሩን እየገፋ ግቢው መሃል አመጣው። ከሞተሩ ሆድ ሥር የእንጨት ሳጥን አስገብቶ ከፍ ሲያደርገው የኋላው ጎማ መሬት ለቆ ተንጠለጠለ። መቀመጫውን ፈታ። ጎንና ጎኑን የሚሸፍኑትን ፕላስቲኮች አወለቀ። ጭስ ማውጫው መንገድ ስለዘጋበት እሱንም ነቅሎ ሣሩ ላይ አጋደመው። የሾኩ የላይኛው ብሎን ብዙ አላስቸገረውም። የታችኛው ግን ዝገትና ጭቃ አንድ ላይ ደርቀውበት አልነቃነቅም አለ። ብሎኑን ጫፉ ላይ የሚያስረውን ዳዶ እንደ ምንም አወለቀና ብሎኑን በነጭ ጋዝ አርሶ ጥቂት ጠበቀ። መጠበቅ ደግሞ ዛሬ የሚችለው ነገር አልነበረም። መዶሻውን አንስቶ የብሎኑን ጫፍ ይቀጠቅጠው ጀመር።

የመዶሻው ድምፅ አከራያቸውን እትዬ መብራትን ከቤት አወጣቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ከሞቱ ብዙ ዓመት ያለፋቸው፣ እሳቸው ግን ግቢ ውስጥ ብረት ሲንኳኳ አሁንም መውጣት የማይተዉ ሴት ናቸው።

«ቤቲ ደወለች?» አሉት።

«አልደወለችም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትፈታው? ብትጠራህስ?»

«ብትጠራኝ ቀላል ነው፤ መልሼ አስረዋለሁ» አለ፤ መዶሻውንም አላቆመም። እትዬ መብራት ትንሽ አዩትና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ብሎኑ ድንገት ሸሸ። ተመትቶ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ጎማው ዱብ ብሎ ወረደ፤ ሾኩ ከነዘይቱ፣ ከነጭቃው እጁ ላይ ቀረ። ከባድ ነበር። ይድነቃቸው ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ ሾኩን አገላብጦ አየው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቦምቤ አለማሰቡን ልብ አለ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሮጠ።

«ይድኔ፣ ሞተሩን ይዘህ ና» አለች ቤቴል። ድምፅዋ ይቆራረጣል። «አሁኑኑ ና።»

«ምን ሆኑ?»

«አይነግረኝም። ሌሊቱን ሙሉ አልተቀመጠም፣ አልተኛም። ያልበዋል። ሆዱን ይዞ ይዞራል። ጎረቤቶች ቃሬዛ አዘጋጅተው ነበር፤ አልወጣበትም አለ።»

«መኪናስ?»

«ወንዙ ሞልቶ መኪና ማዶ ቆሟል። በእግረኛው ድልድይ ሞተር ብቻ ነው የሚያልፈው። እዚህ ሞተር ያለው ልጅ ሲመጣለትም መለሰው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «'ያ ሰውዬ ሞተር አለው አይደል፣ እሱ ይምጣ' አለ።»

«እኔን?»

«አንተን። በሰው ፊት ነው ያለው። ቶሎ ና።»

መስመሩ ተቋረጠ። ይድነቃቸው ስልኩን እንደያዘ ዞሮ ሞተሩን አየው። ወገቡ የተቆረጠ እንስሳ ይመስል ኋላው መሬት ላይ ተዘርፍጧል፤ መቀመጫው አንድ ቦታ፣ ጭስ ማውጫው ሌላ ቦታ፣ ብሎኖቹ ሣር ውስጥ። እትዬ መብራት ሁሉንም ሰምተዋል፤ «ነግሬህ ነበር» አላሉትም። ጓደኛው ደገፉ ሞተር ነበረውና ደወለለት። ደገፉ ግን ከነሞተሩ ወደ ቢጠና ሄዷል፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው።

ሾኩን መልሶ ቦታው አስገባው። የላይኛው ብሎን ገባ። ታችኛው እንዲገባ ግን ጎማው ተነስቶ ቀዳዳዎቹ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ጎማውን በአንድ እጁ ሲያነሳ ብሎኑን በሌላው ማስገባት አቃተው። ሦስተኛ እጅ ያስፈልገው ነበር። እትዬ መብራት ከደረጃው ተነስተው ከግድግዳው ሥር ጣውላ አመጡ፣ ጎማው ሥር ሰክተው ጫፉን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሳቡ።

«ጨምሩ» አላቸው። ጨመሩ። «ትንሽ ዝቅ። እዚያ ላይ ያዙት።»

ብሎኑ ገባ። ዳዶውን ጫፉ ላይ አድርጎ ሊያዞር ሲል ግን አልያዝ አለው። ጎንበስ ብሎ አየ። በመዶሻ የቀጠቀጠው ጫፍ ተደፍጥጦ ጥርሱ ጠፍቷል። ይድነቃቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። በገዛ እጁ ያደረገው ነው፤ የሚቆጣው ሰው እንኳ አጠገቡ አልነበረም።

«ሞረድ የለህም?» አሉ እትዬ መብራት ጣውላውን እንደያዙ።

ሞረድ ነበረው። ብሎኑን አወጣና እንጨት ላይ አስደግፎ የተደፈጠጠውን ጠርዝ ይሞርድ ጀመር። ሁለት ጊዜ ጣቱን ሞረደው። ሞክሮ አልሆነም፤ እንደገና ሞረደ። በመጨረሻ ዳዶው አንድ ጥርስ ያዘ፤ ቀጥሎ ሌላ። በብሎን ቁልፍ እየገፋ እስከሚችለው አስገባው። ልቡ የሚፈልገውን ያህል አልጠበቀም፤ ይበልጥ ቢያስገድደው ግን ይበጠስብኛል ብሎ ፈራ። መቀመጫውንና ጭስ ማውጫውን አስሮ ፕላስቲኮቹን እዚያው ሣሩ ላይ ተዋቸው። የብሎን ቁልፉን ኪሱ ከተተና ተነሳ። እትዬ መብራት «እጅህን እንኳ ታጠብ» ሲሉት ከግቢው ወጥቶ ነበር።

እስከ አረካ ያለው አስፋልት ቀላል ነው። ይድነቃቸው ግን በየመንደሩ እየቆመ ጎንበስ ብሎ ዳዶውን በጣቱ ይዳስሳል፤ ሲነሳ ደግሞ በመቆሙ ያባከነውን ለመመለስ ይከንፋል። ከአረካ ወደ ቦምቤ ሲታጠፍ መንገዱ ጠጠርና ጭቃ ሆነ። ሾኩ ይንጫጫል፣ ያነጥራል። በየጉድጓዱ አንድ ሐሳብ ይመላለስበታል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠሩኝ ዛሬ ለምን ጠሩኝ? ሊሞቱ ነው ይላል። ሊረግሙኝ ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ሞተሩን ብቻ ነው የፈለጉት ብሎ ራሱን ይመክራል፤ ይህኛው ሐሳብ ከሁሉም ይልቅ ይቀለው ነበር።

ወንዙ እንደተባለው ሞልቶ ደፍርሷል። አንድ ሚኒባስና አንድ አይሱዙ ቆመዋል። በእንጨት ድልድዩ ላይ ሰዎች መንገድ ለቀቁለትና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ወርዶ በእግሩ እየተራመደ አሻገረው። ማዶው ዳገት ነው፤ ከዳገቱ በላይ በእንሰት መሃል የምታልፍ ቀጭን መንገድ አለች። ይህችን መንገድ ቤቴል ስትወጣባት ከሩቅ አይቷታል፤ እሱ ግን ረግጧት አያውቅም።

ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ኤርካሎ በመሃል ከአንዱ የእንሰት ተክል እስከ ሌላው ይመላለሳሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ይድነቃቸው ወርዶ ጎንበስ ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጣቸው። እሳቸው በአማርኛ መለሱ።

«ዘገየህ።»

«ሞተሩ ተበላሽቶብኝ ነው፣ አባባ።»

የተቀባውን ዘይት፣ ደም ያለበትን ጣቱን አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ጋቢ አምጪ» አሏት። ቤቴል ወደ ቤት ስትገባ ክንዱን ይዘው ከጎረቤቶቹ ራቅ ወዳለው ጥግ ወሰዱት። የእጃቸው ሙቀት ይጋረፋል።

«ቤቴል እንዳትሰማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሺ።»

ወደ ቤቱ በር ተገላመጡ። ከንፈራቸውን ላሱ። ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት። ይድነቃቸው ስድስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ወቀሳ አሁን ይመጣል ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ሽንቴ» አሉ በመጨረሻ። «ሽንቴ አልወጣ አለኝ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጭራሽ ቆመ።»

ይድነቃቸው ቀና አለ።

«ለእሷ እንዴት ልንገር? ሴት ልጅ ነች» አሉ። «ለእነዚህ ብነግር ነገ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ይሰማል። በቃሬዛ ብወጣ፣ በመኪናም ብሳፈር ደግሞ መንገድ ሙሉ ሰው ምን ሆነ ይላል። ጌታሁን ደቡብ አፍሪካ ነው። ሌላ ወንድ የለኝም።» ጌታሁን የቤቴል ወንድም ነው። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አንስተው እንሰቱ ላይ ተከሉ።

ይድነቃቸው ጠጋ አላቸው። «የሚታከም ነገር ነው» አለ። «አጎቴም እንዲህ ሆኖ ነበር። ዱቦ ሆስፒታል እንሂድ፤ ሲደርሱ ወዲያው ያወጡልዎታል።»

«ሞተሩ ይዘላል ይላሉ።»

«ይዘላል» አለ። ሊዋሻቸው አልፈለገም። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ቤቴል ጋቢውን አምጥታ አባቷን ከባሏ ጀርባ ጋር አሰረቻቸው፤ ጋቢውን ሁለት ጊዜ አዙራ ሆዳቸው ላይ እንዳይጫን ከፍ አድርጋ ከይድነቃቸው ደረት በታች ቋጠረችው። ምን እንደተባባሉ በዓይኗ ጠየቀችው። እሱ ዓይኑን መለሰ። እሷ በእግሯ እስከ ወንዙ ወርዳ ማዶ በቆመው ሚኒባስ ልትከተላቸው ተስማሙ።

አቶ ኤርካሎ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ብረት ጨብጠው ነበር። ከግቢው እንደወጡ ሞተሩ የዛፍ ሥር ላይ ወጥቶ ሲወርድ ግን ትንፋሻቸው ተቆረጠና በሁለት እጃቸው የይድነቃቸውን ወገብ ያዙ። ከዚያ በኋላ አለቀቁትም። ይድነቃቸው ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ወረደ። እያንዳንዱን ድንጋይ ከሩቅ ይመርጣል። ስቶ ጉድጓድ ሲገባ ሾኩ ያነጥራል፣ ሽማግሌው ያቃስታሉ፣ እሱ የራሱን መዶሻ እያሰበ ጥርሱን ይነክሳል።

«ቀስ በል» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ምን ትንፏቀቃለህ፤ ፍጠን» ይላሉ።

ድልድዩን ተሻግረው ጥቂት እንደሄዱ ኋላው መዋለል ጀመረ። ይድነቃቸው አቆመ። ታስረው ነበርና መውረድ አይችልም፤ እንደተቀመጠ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ታች ሲሰድ አቶ ኤርካሎም አብረውት ጎንበስ አሉ። ዳዶው ላልቷል። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በዳሰሳ አጠበቀው፤ ብረቱ ግሎ ነበርና ጣቱን ለበለበው።

«ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው ጆሮው ሥር።

«አንድ ዳዶ ነው። ጠዋት እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ለምን?»

«እሷን እየጠበቅሁ መቀመጥ ስላቃተኝ።»

አቶ ኤርካሎ አልመለሱም። ይድነቃቸው ግን በጀርባው በኩል ደረታቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማው፤ ሕመሙ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻለም። እስከ ዱቦ ድረስ ሌላ ሁለት ጊዜ ቆመው ያን ዳዶ አጠበቁ፤ በሁለተኛው ጊዜ «አሁን ጠብቋል?» ብለው የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የጋቢው ቋጠሮ በላብ ረጥቦ አልፈታ አለ፤ ዘበኛው ረዳቸው። ለተረኛው ነርስ ነገሩን የነገረው ይድነቃቸው ነው፤ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ሽማግሌው ሌላ ቦታ እያዩ። ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰዷቸው። ይድነቃቸው ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ ከመጋረጃው ጀርባ ረጅም ትንፋሽ ሰማ፤ ቀጥሎ በወላይትኛ የተባለ ምስጋና። ለእግዚአብሔር ነበር፤ እሱ ግን ለራሱም ጥቂት የደረሰው መሰለው።

ቤቴል የደረሰችው አባቷ ከተኙ በኋላ ነው። ጫማዋ በጭቃ ተሞልቷል። ይድነቃቸውን በረንዳው ላይ አገኘችውና ክንዱን ያዘችው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አሁን ደህና ናቸው።»

«ምን ሆኖ ነው አልኩህ?»

«ራሳቸው ይንገሩሽ» አላት። ትኩር ብላ አየችው።

«ለአንተ ነግሮሃል።»

«አዎ።»

«እኔ ከትናንት ጀምሮ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ስለምነው ነበር» አለች። «እኔ ልጁ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተቆጥታ እንደሆነ፣ ደስ ብሏት እንደሆነ እሷም የምታውቅ አትመስልም ነበር። ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሳ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። «'የወንድ ነገር ነው' አለኝ» አለችው። «ሻይ ይፈልጋል። እንድታመጣለት የሚፈልገው ደግሞ አንተን ነው።»

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ነገራቸው፤ ቀኑ እስኪደርስ ሶዶ መቆየት ነበረባቸው። አቶ ኤርካሎ እነ ቤቴል ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት እንደዚያ ነው፤ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እያዩ። እንግድነት አልተመቻቸውም። ማለዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ እትዬ መብራት ይነቃሉ፤ ይድነቃቸው በጾም ቀን የጾም ምግብ ለብቻው ሲበላ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ማታ ሁለቱ ወንዶች በጾሙ ነገር ተከራክረው ቤቴል መሃል ገብታ ዝም አሰኘቻቸው። በማግስቱ ይድነቃቸው ከሥራ ሲመለስ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ነበር።

«እንሰቱን የሚያየው የለም» አሉት። «ውሰደኝና አይቼ ልምጣ።»

«ሐኪሙ አይሆንም ብሏል፣ አባባ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ መመላለሳቸውን ግን አልተዉም። ይድነቃቸው ቦርሳውን አስቀምጦ ጫማውን ሳያወልቅ በበረንዳው ወዲያ ወዲህ አብሯቸው ይራመድ ጀመር።